ያለ ማይክሮፎን፦ በከተማ ዳርቻ አዳራሽ የኦፔራ ዝግጅት ከመድረክ ጀርባ እንዴት ይሰናዳል

ኦፔራ የሚዘፈነው ያለ ማይክሮፎን ነው። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ በ3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ንዝረት) አካባቢ ልዩ ጉልበት ሲኖረው፣ የኦርኬስትራው ጉልበት ግን በብዛት በ500 ኸርዝ ግድም ስለሚከማች አንዲት ድምፃዊት ብቻዋን ቆማ መሣሪያዎቹ ሳይውጧት እስከ መጨረሻው ረድፍ ልትሰማ ትችላለች። ይህ ችሎታ የሚታየው ግን አዳራሹ ሲፈቅድ ነው። በር ላይ የሚያጓራ ጄኔሬተር ወይም ከግድግዳው ማዶ የሚጮህ ግራይንደር ካለ የብዙ ዓመት ሥልጠና በአንድ ደቂቃ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከመድረክ ጀርባ ያለው ሥራ ሁሉ፣ ቀን ከመምረጥ አንስቶ ወንበር እስከ መደርደር ድረስ፣ ጸጥታን የማሰናዳት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በመሀል ከተማ ቲያትር ቤቶች የዚህ ሥራ ግማሹ ከሕንጻው ጋር አብሮ ተሠርቷል። በአያት፣ በጣፎ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ግን አዘጋጁ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ሕንጻ፣ በተለምዶ ኮሚናል የሚባለው፣ አለዚያም የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ባለ አዳራሽ ሁለት ሦስት ድምፃውያንን፣ አንድ ፒያኖ ተጫዋችንና አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾችን ይዞ የአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ዝግጅት ለማቅረብ ለሚያስብ ሰው ነው። ተጫዋቾችን ለማግኘት መነሻው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከምንም ነገር በፊት ይመጣል።

ቀኑና ጎረቤቱ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ መተው ይገባል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው እንኳ ቫዮሊኑን አይሰማም፤ በረዶ ከተቀላቀለበትማ ዝግጅቱን ማቋረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ የሠርግ ወቅት ስለሆኑ በየብሎኩ መካከል ድንኳን ይተከላል፣ ስፒከር ይደረደራል፤ የሠርግ ስፒከርን የምታሸንፍ ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ፣ ገና አልተወለደችም። በእኔ ግምት የተሻለው ጊዜ የኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዝናቡ አቁሟል፤ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባም ሠርጉ ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከየደጃፉ የሚወጣው የቆሻሻ ጭስ ለዘፋኝ ጉሮሮ የሚመች ስላልሆነ በዚያ ቀን ልምምድ አለመያዝ ብልህነት ነው።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር ይመረጣል። ታዳሚው ሳይመሽ ታክሲ ያገኛል፤ ከዚህም በላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ በድንገት ስለሚመጣ የክሮቹ ቅኝት ይዛባል፣ የፒያኖ ተጫዋቹም ጣት ይደነዝዛል።

ቀኑ እንደተቆረጠ፣ ዝግጅቱ በሚውልበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት ወደ አዳራሹ ሄዶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መቀመጥና የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ በወረቀት ላይ መመዝገብ እጅግ ጠቃሚ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የታሰረ ውሻ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ሁሉም ይጻፋል። ከዚያም ወደ እያንዳንዱ ባለቤት በግንባር መሄድ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ይጠቅማል፤ ለብየዳ ቤቱ ባለቤት ግን «ጋሼ፣ የፊታችን እሑድ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ ግራይንደሩን ቢያሳርፉልን፤ ለእርስዎና ለቤተሰብዎም ከፊት ቦታ ይዘናል» ማለት ከደብዳቤው ይልቅ ይሠራል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ግን የሚደራደሩበት ጉዳይ አይደለም። ሰዓቱን ጠይቆ ማወቅና የዕረፍቱን ጊዜ በዚያ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

አዳራሹ ሲፈተን

በባዶ አዳራሽ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ብዙ ይናገራል። ድምፁ ሳይጠፋ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ቃላት እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ለኦፔራ የሚመቸው የማስተጋባት ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ሰከንድ አካባቢ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያገኘው ቀመር ይህን በእርሳስ ለማስላት ያስችላል፦ የአዳራሹ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ይባዛና፣ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ለሚመጠው ነገር ሁሉ ድምር ይካፈላል። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ አዳራሽ 1,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሲሚንቶውና ሴራሚኩ ብቻቸውን 50 ሜትር ካሬ የሚያህል መምጠጫ ካላቸው ውጤቱ 3.2 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህ ዋሻ ነው። አንድ ልብስ የለበሰ ሰው ግን በአማካይ ግማሽ ሜትር ካሬ ያህል ስለሚመጥ፣ 150 ሰው ሲገባ መምጠጫው ወደ 125 ያድግና ጊዜው ወደ 1.3 ሰከንድ ይወርዳል።

ስለዚህ በልምምድ ቀን አዳራሹ ማስተጋባቱ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ታዳሚው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ችግሩ ድምፃውያኑ በባዶው አዳራሽ ድምፃቸው ሲመለስባቸው ፍጥነታቸውን መቀነሳቸውና ያንኑ ልማድ ይዘው ወደ ዝግጅቱ መምጣታቸው ነው። ይህን ለመከላከል ለልምምድ ብቻ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና ምንጣፍ ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከድምፃውያኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ምንጊዜም ባዶ መሆን አለበት፤ ድምፁን ወደ ታዳሚው የሚመልሰው እርሱ ነው። ለማሳመር ተብሎ በዚያ ላይ ወፍራም መጋረጃ የሚሰቅል ሰው አይጠፋም፤ ይህን ሰው በትሕትና መከልከል የአዘጋጁ ድርሻ ነው።

ወንበሩን ከአካባቢው ዕድር መከራየት ይቻላል። በሴራሚክ ወለል ላይ የሚጎተት ወንበር የሚያሰማው ጩኸት አንድን ሙሉ የቫዮሊን ሐረግ ስለሚያበላሽ ቢያንስ የፊት ረድፎቹንና የተጫዋቾቹን ወንበር እግሮች በአሮጌ ካልሲ ወይም በጨርቅ ቁራጭ መጠቅለል ይገባል። ለተጫዋቾች ክንድ ማስደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር አይሰጥም፤ የቼሎ ተጫዋቹ ቀስት ከማስደገፊያው ጋር ይጋጫል። የቼሎው እግርም በሴራሚክ ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ትንሽ የምንጣፍ ቁራጭ ተነጥፎ ከወንበሩ የፊት እግሮች ጋር በገመድ ይታሰራል።

ፒያኖው

ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ይህ ክፍል ነው። አንድ ፒያኖ 88 ቁልፎችና ከ220 የማያንሱ ክሮች አሉት፤ የክሮቹ ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው በብረት ክፈፉ ላይ ቢሆንም ድምፁን የሚያጎላው ስስ የእንጨት ሰሌዳ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ድርቀት ይኮማተራል፤ ቅኝቱም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። መስከረም ላይ የተቃኘ ፒያኖ ኅዳር ላይ መውረዱ የቃኚው ጥፋት አይደለም።

ፒያኖ በጭነት መኪና ሲጓጓዝ እንደቆመ ይታሰራል፣ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፤ የቁም ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ልምድ ያላቸው አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ብሎኮቹ በሚወስደው ኮብልስቶን ላይ በራሱ ትናንሽ ጎማዎች እየተገፋ እንዲሄድ ፈጽሞ መፍቀድ አይገባም። አዳራሹ ከገባ በኋላ ከመስኮትና ከፀሐይ ርቆ፣ ከተቻለ ለአንድ ሳምንት ያህል አየሩን እንዲለምድ ይተዋል፤ ከዚያ ይቃኛል፣ በዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ደግሞ እንደገና ይታያል።

የቃኚውን ሥራ አንድ ጊዜ ከአጠገቡ ተቀምጦ ያየ ሰው ጸጥታ ለምን እንደሚያስፈልገው ይገባዋል። በፒያኖው መካከለኛና ከፍተኛ ክፍል ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት ክሮች አሉ። ቃኚው ሁለቱን በጎማ ወይም በፌልት ሽብልቅ አፍኖ አንዱን ብቻ ያሰማል፤ ከመሀል በላይ ያለውን «ላ» በዓለም አቀፍ መለኪያው በ440 ኸርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ አንድ ኦክታቭ፣ ከ«ላ» እስከ ቀጣዩ «ላ» ያለውን፣ ያስተካክልና ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ይወስዳል። በመጨረሻ የታፈኑትን ክሮች አንድ በአንድ እየፈታ ከመጀመሪያው ጋር ሲያገናኛቸው፣ ሁለት ክሮች በጥቂቱ ከተለያዩ ድምፁ «ዋ… ዋ… ዋ…» እያለ ይንቀጠቀጣል። የእጁ ሥራ ይህን መንቀጥቀጥ እያዘገየ፣ እያዘገየ ማጥፋት ነው። ሰው በጎን ወለል እየወለወለ ወይም ወንበር እየደረደረ ያን መንቀጥቀጥ መስማት አይቻልም፤ ስለዚህ ከዝግጅቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል አዳራሹ ለቃኚው ብቻ ይለቀቅለት።

ለብዙ ዓመታት ያልተነካ ፒያኖ ከመለኪያው በብዙ ከወረደ በአንድ ጊዜ ወደ 440 መሳብ ክር ያስበጥሳል። በሁለት ዙር ቀስ ብሎ ማንሣት፣ አለዚያም ባለበት እርስ በርሱ ብቻ አስተካክሎ ቫዮሊኖቹን ወደ እርሱ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሁለቱም ካልሆነ ባለ 88 ቁልፍ፣ ቁልፎቹ ክብደት ያላቸው ጥሩ ዲጂታል ፒያኖ መከራየት ከመጥፎ እውነተኛ ፒያኖ ይመረጣል። ይህን ስል ቅር የሚሰኙ ሙዚቀኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ድምፃዊት ግን ከሁሉ በፊት የምትፈልገው የምትተማመንበት ቅኝት ነው።

የክር መሣሪያዎቹም በበጋው ድርቀት ይቸገራሉ። የቫዮሊኑ መቃኛ እንጨቶች ስለሚኮማተሩ በድንገት ይፈታሉ፤ ጥቂት ጠመኔ መቀባት ለጊዜው ያቆማቸዋል። መሣሪያ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን መድኃኒት የለውም።

ምን ይዘፈናል

ለአካባቢያችን ታዳሚ የጁሴፔ ቨርዲ «አይዳ» የተፈጥሮ ምርጫ ነው፤ ባለታሪኳ በግብፅ ቤተ መንግሥት ምርኮኛ የሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ሥራው መጀመሪያ የቀረበው በካይሮ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነበር። ከዚያ ቀድሞ ሊቀርብ ታስቦ ሳለ አልባሳቱና የመድረክ ቁሳቁሱ የተሠሩት ፓሪስ ስለነበርና ከተማዋ በፕሩስያ ጦር ስለተከበበች እዚያው ታግተው ቀሩ። ልብስ ሰፊው ለዘገየበት አዘጋጅ ይህ መጽናኛ ይሁነው። የንጉሡ ስም አሞናስሮ መሆኑን ሲሰማ «የትኛው ንጉሣችን ነው?» የሚል ታዳሚ መኖሩ አይቀርም፤ ገጸ ባሕርዩ የደራስያን ፈጠራ መሆኑን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይገባል።

ከሦስተኛው ገቢር አይዳ በአባይ ዳር ሆና አገሯን የምታስታውስበትን «ኦ ፓትሪያ ሚያ» እና ተከትሎት የሚመጣውን የአባትና የልጅ ቅብብል በፒያኖ አጃቢነት ማቅረብ ይቻላል። የመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ላይ ከፍ ወዳለ «ዶ» በለስላሳ ድምፅ መውጣትን ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሰጥም። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑና የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከቆላ አገር የሚመጣ እንግዳ ድምፃዊ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ደርሶ ተጨማሪ መተንፈሻ ቦታዎችን በኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር የኢትዮጵያውያንን ሥራ ማጣመር ዝግጅቱን ያከብረዋል፤ እዚህ ላይ ግን የመብት ጉዳይ ይነሣል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ቨርዲ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1901 ስለሆነ ሥራው ነፃ ነው፤ አሮጌ እትሞቹም በኢንተርኔት የኖታ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን ያረፉት በ2015 ዓ.ም. በመሆኑ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በአደባባይ ለመጫወት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

ትርጉሙ በግድግዳ ላይ

በኦፔራ ቤቶች ከመድረኩ በላይ ትርጉም ማሳየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 በቶሮንቶ፣ በካናዳ ኦፔራ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ያለ እርሱ የሚሠራ ትልቅ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ለእኛ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ላፕቶፕና ኖታ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ይበቃል።

በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይታይም። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ይሁን፤ ነጭ መደብ አዳራሹን ያበራውና የታዳሚውን ዓይን ከድምፃዊቱ ላይ ይነጥቃል። ድምፃዊት አንዱን ስንኝ አራት ጊዜ ብትደጋግም ትርጉሙ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ በባዶ ጥቁር ገጽ ይተካ። አስቂኝ ወይም አስደንጋጭ ቃል ከመዘፈኑ በፊት ግድግዳ ላይ ከወጣ ሕዝቡ ቀድሞ ይስቃል፣ ድምፃዊውም ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር በኖታው ላይ በትክክለኛው ቦታ ይጻፋል፣ ኦፕሬተሩም ኖታውን እንጂ ላፕቶፑን አይከተልም። የፊደል ነገር ደግሞ አለ፤ በአንዱ ኮምፒዩተር በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ በሌላው ላይ ሲከፈት አራት ማዕዘንና ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ገጾቹን በሙሉ ወደ ምስል ቀይሮ ማስቀመጥና በዚያው ፕሮጀክተር ላይ ከዋዜማው መሞከር ይህን ጣጣ ያስቀራል።

መድረክ አስተባባሪው

በትልልቅ ኦፔራ ቤቶች መድረክ አስተባባሪው የፒያኖ ኖታ ከፊቱ ዘርግቶ መብራቱን፣ መጋረጃውንና የድምፃውያኑን መግቢያ ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ እያዘዘ ይመራል፤ ከዚያ ኖታ ጠርዝ ላይ ያለ የእርሳስ ምልክት ካልሆነ በቀር ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። በኮሚናልም ሥርዓቱ አይለወጥም። አስተባባሪው ሁለት ቃል ብቻ ይናገራል፤ ከድርጊቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀድሞ «ተዘጋጅ»፣ በሰዓቱ ደግሞ «አሁን»። «አሁን» የሚለውን ቃል በሌላ ወሬ ውስጥ መጠቀም ለዚያ ቀን ክልክል ነው።

ከመድረክ ውጭ የሚዘፈን ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ በ«አይዳ» የመጀመሪያ ገቢር የካህናቲቱ ድምፅ ከውስጥ እንደሚሰማው፣ ድምፃዊቷን በደረጃው ላይ ማቆም ይቻላል። ፒያኖ ተጫዋቹን እንድታይ ተብሎ በስልክ የቪዲዮ ጥሪ መጠቀም ግን አይሠራም፤ ምስሉ ይዘገያል። በበሩ ስንጥቅ እያየ ምት የሚሰጣት አንድ ሰው ይቁም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ20 ሜትር ርቀት የምትዘፍን ሰው ለታዳሚው በጥቂቱ ዘግይታ ትሰማለችና ከምቱ በፀጉር ያህል ቀድማ መግባት አለባት።

ዕለቱ

አዳራሹን የሰጡት ሰዎች በአክብሮት ቡና ማፍላታቸው አይቀርም። ቡናው ይፈላ፤ ቆላውና ዕጣኑ ግን ውጭ፣ ከነፋሱ በታች ይሁን፣ ሲኒውም ከዝግጅቱ በኋላ ይቅረብ። ጭስ ባለበት ክፍል የተቀመጠ ድምፃዊ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከሚዘፍን ይልቅ ያስላል። የክብር እንግዳ ንግግር ካለም ከአምስት ደቂቃ እንዳያልፍ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ፤ የተቃኘ ቫዮሊን ብዙ አይታገስም።

መብራት ሊሄድ ይችላል። የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ጸጋ ለዚህ ነው፤ እውነተኛ ፒያኖ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ትርጉሙና የኖታ መብራቱ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ በቻርጅ የሚሠሩ ትናንሽ መብራቶች በኖታ ማቆሚያቸው ላይ ይኑሯቸው፣ ፕሮጀክተሩ በባትሪ ይደገፍ፣ «መብራት ቢጠፋ አታቁሙ» የሚለው መመሪያም በልምምድ ላይ ይነገር። ጄኔሬተር የግድ ከሆነ ከአዳራሹ ይራቅ፤ በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ስለሚቀንስ ከ5 ሜትር ወደ 40 ሜትር ማራቅ 18 ዴሲቤል ያተርፋል። ለዚህ የሚበቃ ረጅም ገመድ አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል።

ታዳሚው በዜማው መካከል ቢያጨበጭብ ወይም እናቶች እልል ቢሉ መቆጣት አይገባም፤ በጣሊያን ኦፔራ ቤቶችም ከተወደደ ዜማ በኋላ ሕዝቡ ይጮኻል። ፒያኖ ተጫዋቹ እልልታው እስኪበርድ ድረስ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ይጠብቅ። መጠየቅ የሚገባው የስልክ ድምፅ እንዲዘጋ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያውጀው ከመድረክ ሳይሆን በር ላይ ትኬት የሚቀበለው ሰው፣ ለእያንዳንዱ ገቢ በግል ቢሆን ውጤቱ የተሻለ ነው።

ሲያልቅ ኖታዎቹ በቁጥር ይሰበሰባሉ፤ በተለይ የቀስት አቅጣጫና የመተንፈሻ ምልክት የተጻፈባቸው ቅጂዎች ለሚቀጥለው ዝግጅት ስለሚያስፈልጉ በተጫዋቾቹ ቦርሳ ውስጥ አይቅሩ። የሙዚቀኞቹ ክፍያና የትራንስፖርት አበል በዚያው ምሽት፣ ወደ መሀል ከተማ የሚመልሳቸው መኪና ከመነሳቱ በፊት ይሰጣል። ፒያኖው ግን በዚያው ሌሊት አይጫንም። ተሸፍኖና ተቆልፎ ያድርና ጫኞቹ ሰኞ በቀን ብርሃን ይውሰዱት፤ ካልሲዎቹም ከወንበሮቹ እግር ሳይወልቁ ለዕድሩ ዕቃ ቤት እንዳይመለሱ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ።